መብራት በሄደ ቁጥር ለሚጠፋ ፕሪንተር

ቤቴ አዳማ ነው፤ አፌ ግን እስካሁን ናዝሬት ማለት ይቀናዋል። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ አጸዳድቼ ጽሑፍ መጻፍና ማተም ጀመርኩ። ደንበኞቼ ባብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። «ማዘር፣ ፕሪንት አለ?» እያሉ የግቢውን በር ያንኳኳሉ። ዕቃዬ አንድ ላፕቶፕና አንድ ኤፕሰን ኤል 3250 ነው፤ ያ በጠርሙስ ቀለም የሚሞላው፣ ስክሪን የሌለው። የከተማችን ነፋስ አቧራ ይዞ ስለሚገባ ሥራ ሲያልቅ በአሮጌ ነጠላ እሸፍነዋለሁ።

በታይፕ ዘመን ማሽን ሲበላሽ ሕመሙ ይታይ ነበር። ሪባኑ ደርቋል፣ ወይ «ጸ» ተጣብቃ አልመለስም ብላለች። ዋይፋይ ያለው ፕሪንተር ግን መብራቱ በርቶ፣ ቀለሙ ሞልቶ፣ ወረቀቱ ተደርድሮ፣ ኮምፒውተሩ ላይ «ኦፍላይን» (አልተገናኘም) የምትል አንዲት ቃል ጽፎ ዝም ይላል። ልብ አውልቅ ነው።

አምና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሦስት ተማሪዎች በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይጠብቃሉ። ሰማንያ አራት ገጽ፣ ሦስት ኮፒ፤ በነጋታው ጠዋት ማስረከቢያው ነው። ሃያኛው ገጽ ላይ ስደርስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ መብራት ሄደ። ከበረንዳዬ ወደ ኮረብታው ቀና ስል የነፋስ ተርባይኖቹ ይሽከረከራሉ። አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት፣ እኔ ደግሞ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ እበረብራለሁ።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ራውተሩ በራ፣ ፕሪንተሩን አበራሁት፣ ላፕቶፑ ግን ኦፍላይን ነው አለኝ። ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያናግርበትን ፕሮግራም፣ አጥፍቼ ጫንኩ። ጠብ የሚል ነገር የለም። እንደገና አጥፍቼ ጫንኩ። ዝርዝሩ ላይ «ኮፒ 1»፣ «ኮፒ 2» እየተባለ ተደርድሮ የአራት ፕሪንተር ባለቤት ሆንኩ፤ አንዱም አያትምም። ቀደም ሲል አንድ ሙያተኛ ጠርቼ ይኸንኑ ድራይቨር አጥፍቶ መጫን ሠርቶልኝ 600 ብር ከፍዬ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ሠርቶ ተመለሰበት። ስለዚህ መድኃኒቱ እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ ደወልኩ። «አክስቴ፣ ኮምፒውተሩን ተይው። ፕሪንተሩ ራሱ ምን ይላል? ወረቀቱን አውጥተሽዋል?» አለኝ። የምን ወረቀት?

ይህች ወረቀት ናት የጽሑፌ ዋና ጉዳይ። ማንኛውም የዋይፋይ ፕሪንተር ማለት ይቻላል የራሱን የኔትወርክ ሁኔታ አትሞ ማውጣት ይችላል፤ ኮምፒውተር አያስፈልገውም። የኔው ላይ የኔትወርክ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው። በሌላው ሞዴል የ«አይ» ፊደል ምልክት ያለበት ቁልፍ ይሆናል፣ ስክሪን ያለው ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ገብቶ የኔትወርክ ሪፖርት የሚለውን መፈለግ ነው። በወረቀቱ ላይ ብዙ ነገር ተጽፏል፤ እናንተ ሦስቱን ፈልጉ፦ የዋይፋዩን ስም፣ የሲግናሉን ጥንካሬ፣ እና አይፒ አድሬስ የሚለውን ባለ አራት ክፍል ቁጥር።

የኔ ወረቀት 192.168.1.7 ይላል። ላፕቶፑ ውስጥ ገብተን ስናይ ሥራውን የሚልከው ወደ 192.168.1.4 ነው። ቤት የቀየረን ተከራይ በድሮ ቤቱ ማንኳኳት ማለት ነው።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው። ራውተር ለሚገናኘው ዕቃ ሁሉ ቁጥር ያድላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች ማን የቱን ይዞ እንደነበረ ይረሱና ቀድሞ ለደረሰ ቀድመው ይሰጣሉ። የዚያን ዕለት የልጄ ስልክ ፕሪንተሩን ቀድሞ 4 ቁጥርን ወስዶታል። ላፕቶፔ እንግዲህ ሰማንያ አራት ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ለስልክ ሲልክ ነበር ያመሸው። መብራት ቶሎ ቶሎ በማይሄድበት አገር ይህ ችግር በዓመት አንዴ ይገጥም ይሆናል፤ እኛ ጋ በሳምንት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ኮምፒውተሩን ከመነካካታችሁ በፊት ግን ስለ ኢንተርኔት አንድ ነገር ልበል፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ የሚሳሳቱበት ነውና። ዋይፋይና ኢንተርኔት ሁለት ነገር ናቸው። ፓኬጅ ቢያልቅ፣ መስመር ቢቋረጥ፣ ራውተሩ እስከበራ ድረስ ኮምፒውተራችሁና ፕሪንተራችሁ በቤት ውስጥ ይነጋገራሉ። «ካርድ ስትሞዪ ታትሚልኛለሽ» ያለችኝ ጎረቤት ነበረችኝ፤ ያለ ካርድ አትሜላት ተገረመች። ኢንተርኔት ካላገኘሁ አልሠራም የሚሉ ጥቂት ሞዴሎች አሉ፣ የቀሩት ግን ግድ የላቸውም።

ቀጥሎ የሚታየው ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ መሆናቸው ነው። ላፕቶፑ ላይ ስታርት ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲ ኤም ዲ ጻፉ፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብላችሁ ኢንተር ስትሉ የላፕቶፑን ቁጥር ያሳያችኋል። ከፕሪንተሩ ወረቀት ጋር አስተያዩት። ባብዛኛው ቤት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች አንድ መሆን አለባቸው፤ የሁለቱም 192.168.1 ከሆነና መጨረሻው ብቻ ከተለያየ ደህና ነው። ላፕቶፑ 192.168.43 ወይም 172.20.10 ብሎ ከጀመረ ምናልባት የስልክ ሆትስፖት ላይ ነው ያለው። መብራት ሲሄድ ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጋችሁ ላፕቶፑን ያገናኛችሁት፣ መብራት ሲመጣም እዚያው የቀረ ማለት ነው። ይህ እኔን ራሴን ሦስት ጊዜ አታሎኛል። ወደ ቤቱ ዋይፋይ መልሱት፣ አለቀ።

የፕሪንተሩ ቁጥር በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ ምንም አልተሰጠውም፤ ለራሱ የፈጠረው ቁጥር ነው። ራውተር ተነስቶ እስኪረጋጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ ፕሪንተሩን ከሱ ቀድማችሁ አስነስታችሁት ይሆናል። ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ አብሩት። እኔ አሁን መብራት ሲመጣ ራውተሩን አበራና ቡና ላይ ውሃ እጥዳለሁ፤ ከዚያ ፕሪንተሩ፣ ላፕቶፑ መጨረሻ።

ቁጥሮቹ ከተስማሙ በዚያው ጥቁር መስኮት ፒንግ (ping) ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ሰጥታችሁ፣ የፕሪንተሩን ቁጥር ጻፉ። ፕሪንተሩ ካለ አራት ጊዜ «ሪፕላይ ፍሮም» ብሎ ቁጥሩንና ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈጀ ይነግራችኋል። እዚህ ላይ አትሸወዱ፦ አንዳንዴ «ሪፕላይ ፍሮም» ካለ በኋላ የራሳችሁን የላፕቶፕ ቁጥር ጽፎ «አንሪቸብል» ይላል። እሱ መልስ አይደለም፤ «በሩን አንኳኳሁ ሰው የለም» ነው። ቁጥሩ የፕሪንተሩ መሆኑን አንብቡ።

ፒንግ ከመለሰ ፕሪንተሩም ራውተሩም ነጻ ናቸው፣ ጥፋቱ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ስልክ ካላችሁ የፕሪንተሩን አፕ ጭናችሁ ከስልክ አንድ ገጽ ማተምም ይህንኑ ይነግራችኋል፤ ለተማሪዎቼ ይኸኛው ይቀላቸዋል።

ላፕቶፑ የድሮውን በር እንዲተው እንዲህ ይደረጋል። ሴቲንግስ፣ ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ፣ ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ ግቡ። እንደኔ አራት ፕሪንተር ከታያችሁ ሦስቱን ሪሙቭ በሉና አንዱን አስቀሩ። እሱን ከፍታችሁ ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ፣ ከላይ ፖርትስ የሚለውን ገጽ። ምልክት የተደረገበት መስመር አሁን ሥራው የሚሄድበት ነው፤ እዚያ ላይ የድሮውን ቁጥር ታገኙታላችሁ፣ ወይም ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ የፈጠረውን ደብሊው ኤስ ዲ የሚባለውን። ይህ ደብሊው ኤስ ዲ እስኪሠራ ይሠራል፣ ሲጠፋ ለምን እንደጠፋ አይናገርም፤ እኔ ባገኘሁት ቤት ሁሉ እቀይረዋለሁ። አድ ፖርት በሉ፣ ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት ምረጡ፣ ኒው ፖርት፣ ከወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። አፕላይ ስትሉ ቆሞ የነበረው ሥራ አንዳንዴ ያኔውኑ መታተም ይጀምራል። ያን ዕለት ሃያ አንደኛው ገጽ ሲወጣ ተማሪዎቹ በረንዳው ላይ እልል ነው ያሉት፤ ሦስቱም ወንዶች ናቸው።

እዚያው እያላችሁ ኮንፊገር ፖርት የሚለውን ክፈቱና «ኤስ ኤን ኤም ፒ ስታተስ ኢነብልድ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት ካለ አንሱት። ዊንዶውስ በዚህ በኩል ፕሪንተሩን «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፕሪንተሩ ያንን ጥያቄ ካልመለሰ ማተም እየቻለ ኦፍላይን ይባላል።

ይህን ብቻ አድርጋችሁ ከተዋችሁት ግን መብራት ሲሄድ ተመልሳችሁ እዚህ ናችሁ። ቁጥሩ እንዳይቀየር ራውተሩ ውስጥ ለፕሪንተሩ ማስያዝ ያስፈልጋል። አይፒኮንፊግ ስትሉ ዲፎልት ጌትዌይ ብሎ ያሳያችሁ ቁጥር የራውተሩ ነው፤ 192.168.1.1 ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። በብራውዘር ላይ ጻፉት። የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሆድ ሥር ተለጥፏል። ውስጥ ገብታችሁ ዲኤችሲፒ (DHCP) የሚለውን፣ ራውተሩ ቁጥር የሚያድልበትን ክፍል ፈልጉ፣ እዚያ አድሬስ ሪዘርቬሽን ወይም ስታቲክ ዲኤችሲፒ የሚል አለ። ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል፦ የፕሪንተሩን ማክ አድሬስ፣ ማለትም ከፋብሪካ ይዞት የመጣውንና በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ባለ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር መለያ፣ እና እንዲያዝለት የምትፈልጉትን አይፒ። እኔ 192.168.1.50 ሰጠሁት፤ የዕድሜው እጥፍ ስለሆነ ልጄ አይረሳውም። ከዚያ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ አብሩት፣ ወረቀቱን እንደገና አውጥታችሁ 50 መሆኑን አረጋግጡ፣ የላፕቶፑንም ፖርት በዚሁ ቁጥር አስተካክሉ። ቁጥሩን በነጭ ፕላስተር ላይ በማርከር ጽፌ ፕሪንተሩ ግንባር ላይ ለጥፌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መብራቱ የፈለገውን ያህል ይሂድ፣ ድራይቨር ነክቼ አላውቅም።

ፕሪንተሩ ጭራሽ ዋይፋዩ ውስጥ ካልገባ ነገሩ ሌላ ነው። የኔ ጎረቤት፣ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ አዲስ ፋይበር ካስገቡ በኋላ «ፕሪንተሩ ዋይፋዩን አያየውም፤ ተቃጥሏል መሰለኝ» ብለው ጠሩኝ። ስሄድ አዲሱ ራውተር ሁለት ስም ይረጫል፤ አንዱ ጫፉ ላይ 5 አለበት። እሳቸው ፈጣኑ እሱ ነው ተብለው ሁሉን ነገር እዚያ ላይ ለማገናኘት ይለፋሉ። እነዚህ የቤት ፕሪንተሮች አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ 5 ጊጋኸርዙን ጆሯቸው አይሰማውም። ፕሪንተሩን በ2.4ቱ አስገባነው፣ ላፕቶፑን ግን 5ቱ ላይ ተውነው። አንድ ራውተር እስከሆነ ድረስ ይገናኛሉ። ሁለቱም በአንድ ስም የሚረጩ ከሆነ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ስማቸውን መለየት ነው። ገስት የሚል ዋይፋይ ላይ ግን ፕሪንተር አታስገቡ፤ ገስት የተሠራው ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ነው።

ስክሪን ለሌለው ፕሪንተር ቀላሉ መግቢያ ደብሊው ፒ ኤስ (WPS) ነው፤ የይለፍ ቃል ሳይጻፍ በቁልፍ ብቻ የሚያገናኝ። ራውተሩ ላይ ያለውን የደብሊው ፒ ኤስ ቁልፍ ተጫኑ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የፕሪንተሩን የዋይፋይ ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ተጭናችሁ ያዙ። ካልተሳካ እንደገና ወረቀቱን አውጡ። ኤፕሰን ከሆነ ኮድ ይጽፋል፦ ኢ-2፣ ኢ-3 ወይም ኢ-7 ካለ የዋይፋዩን ስም አላገኘውም ወይም የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው፤ ኢ-5 ካለ የራውተሩ የደህንነት ዓይነት አልተስማማውም። ለኢ-5 ራውተሩ ደብሊው ፒ ኤ 3 ብቻ ላይ ከሆነ ወደ ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም ሁለቱን ወደሚቀበለው ቀይሩት።

ሲግናል ደካማ ከሆነስ? የኔ ራውተር ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ሰርቪሷ ደግሞ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነበረች። ብረት ሲግናል አያሳልፍም። ራውተሩን ወደ ጓሮው መስኮት አዛወርኩት፤ ባለቤቴ ገመዱ ግድግዳውን አበላሸ ብሎ አንድ ሳምንት አጉረመረመ።

ላፕቶፑ ውስጥ የሚደበቁ ሦስት ቀበኞች አሉ፣ ባጭሩ። አንደኛ ቪፒኤን፣ የተገደበ ድረ ገጽ ማለፊያው ፕሮግራም። በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም ተገድበው በነበሩባቸው ወራት ሁላችንም ጭነናል፣ ብዙዎቻችንም አላጠፋነውም። ቪፒኤን ሲበራ ላፕቶፑ የቤቱን ዕቃ ላያይ ይችላል፤ አጥፍታችሁ ሞክሩ። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ቤታችሁን ፐብሊክ ኔትወርክ ብሎ መዝግቦት ከሆነ ፕሪንተር ፍለጋው ይዘጋል፤ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፕራይቬት አድርጉት፣ የራሳችሁ ቤት ከሆነ ብቻ። ሦስተኛ፣ የተጣበቀ ሥራ። ፒንግ ይመልሳል፣ ፖርቱ ልክ ነው፣ ሰልፉ ላይ ግን አንድ ፋይል «ዲሊቲንግ» እያለ ከጠዋት ጀምሮ ተገትሯል። ስታርት ላይ ሰርቪስስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ፕሪንት ስፑለር የሚለውን (የሚታተመውን ሰልፍ የሚያስይዘውን) ስቶፕ አድርጉ፣ ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ የሚለውን ፎልደር ገብታችሁ ውስጡ ያለውን ፋይል ብቻ ደምስሱ፤ ፎልደሩን ራሱን አይደለም። ስፑለሩን መልሳችሁ ስታርት። የሚጠብቀው ሥራ ሁሉ ስለሚጠፋ እንደገና መላክ አለባችሁ።

ራውተር የሌላችሁ ተማሪዎች ደግሞ ዋይፋይ ዳይሬክት የሚባለውን ሞክሩ። ፕሪንተሩ የራሱን ዋይፋይ ይረጫል፣ ስሙ ዳይሬክት በሚል ቃል ይጀምራል፣ ላፕቶፑን በቀጥታ እሱ ላይ ታገናኛላችሁ። በዚያ ሰዓት ላፕቶፑ ኢንተርኔት ያጣል፤ አትደንግጡ፣ አትማችሁ ስትጨርሱ ተመለሱ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ፕሪንተሩ አንድም ዋይፋይ ካላየ፣ የስልክ ሆትስፖት አጠገቡ ተደርጎለት እንኳ፣ የዋይፋይ ክፍሉ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ፕሪንተሩ ግን አልሞተም። ከኋላው አራት ማዕዘን የሆነች ቀዳዳ አለች፤ ተራ የፕሪንተር ዩኤስቢ ገመድ ይገባባታል። ገመዱ ከ5 ሜትር እንዳይበልጥ። እኔም አንዱን መጋረጃው ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ የሰኔ ሰሞን ማታ ማታ ራውተሩን ከማመን እሱን ማውረድ ይሻላል።